ቅልቅል ነዳጅ፣ ቅልቅል ሽቦ

እስቲ ሦስት መንገዶችን በዓይነ ኅሊናችን እንከተል። አንደኛው ከአየር ጤና ተነስቶ በዓለም ገና በኩል ሰበታ ይገባል፤ የጅማ መንገድ ነው። ሁለተኛው ከአስኮ ተነስቶ ቡራዩን ያቋርጥና ወደ ሆለታ፣ ወደ አምቦና ወደ ጌዶ ይዘልቃል። ሦስተኛው ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ የእንጦጦን ጋራ ተሻግሮ ሱሉልታ ይወርዳል፤ የጎጃም መንገድ ማለት ነው። ሦስቱም ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። እኔ ዛሬ የማነሳቸው ግን በአስተዳደር ጉዳይ አይደለም። ሦስቱን የሚያገናኝ አንድ ፈሳሽ ስላለ ነው። አልኮል!

ሰበታ አልኮልን በመጠጥነቱ ታውቀዋለች። ከብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ ማምረቻዎች አንዱ እዚያ ነው። ቡራዩ በመንገደኛነቱ ታውቀዋለች። በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ለሚነሳ ኢታኖል ወደ አዲስ አበባ የሚያስገባው መንገድ ጌዶን፣ አምቦንና ሆለታን አልፎ የሚወጣው በእሷ በር ነው። ሱሉልታ ደግሞ ድሩን የደገሰች ናት። በ2001 ዓ.ም. ኢታኖልን ከቤንዚን ጋር ማደባለቅ ሲጀመር ሥራው የተያዘው እዚያ ባለው የናይል ፔትሮሊየም ዴፖ ነበር። ኋላ ኦይል ሊቢያና ኖክም ገቡበት። መጀመሪያ ከመቶ እጅ አምስቱ፣ ከ2003 ዓ.ም. መጋቢት ጀምሮ ደግሞ ከመቶ እጅ አሥሩ ኢታኖል ሆኖ በአዲስ አበባ ማደያዎች ተቀዳ።

ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። እንዲያውም በደህና ሚዛን ከተመዘነ መልካም ነበር። ቤንዚን በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ ከጂቡቲ ወደብ በቦቴ ተጭኖ የሚመጣ ነገር ነው። ኢታኖሉ ግን የሚወጣው ከሞላሰስ፣ ሸንኮራው ተጨምቆ ስኳሩ ከተወሰደ በኋላ ከሚቀረው ጥቁር ዝቃጭ ነው። አሜሪካኖች ኢታኖላቸውን የሚያወጡት በአብዛኛው ከበቆሎ ነው። በእነሱ ዘንድ ‹‹መኪና ይብላ ወይስ ሰው?›› የሚል ክርክር የተነሳውም ለዚህ ነው። ብራዚሎች በ1975 እ.ኤ.አ. የአልኮል ነዳጅ ፕሮግራማቸውን የጀመሩት በሸንኮራ ነው። የእኛው ከማንም ገበታ ላይ እንጀራ አላነሳም። ፊንጫ በዓመት 8 ሚሊዮን ሊትር፣ መተሐራ ደግሞ 12 ነጥብ 5 ሚሊዮን ሊትር እንዲያመርቱ ታስቦ ነው ፋብሪካዎቻቸው የተተከሉት። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ይኸው ኢታኖል ለእጅ ማጽጃ ተፈልጎ ስንቱን ቤት እንደደረሰ የምናስታውሰው ነው።

ታዲያ ቅሬታዬ ከምኑ ላይ ነው? ከአነጋገሩ ላይ ነው። ወይም፣ ባልተነገረው ላይ።

በእነዚያ ዓመታት እኔ በምቀዳባቸው ማደያዎች፣ ከቀጂው ራስ በላይ ‹‹ይህ ቤንዚን ከመቶ አሥር ኢታኖል አለበት›› የሚል ሰሌዳ አላየሁም። በራዲዮ የሰማነው ስለ ውጭ ምንዛሪ ቁጠባው ነው። ባለመኪናው ማወቅ የሚፈልገው ግን ሌላ ነው። የእኔ ላዳ ምን ትሆናለች? ፊልትሮ ልቀይር? ክረምት ሲገባ ምን ላድርግ? ይኼን ማንም ቁጭ ብሎ በአማርኛም በኦሮምኛም ሲያስረዳ አልገጠመኝም። እንዲህ ያለ ባዶ ቦታ ሲገኝ ደግሞ ባዶ ሆኖ አይቀመጥም። ወሬ ይሞላዋል። በዓመት ጊዜ ውስጥ ኢታኖል የማይከሰስበት ብልሽት ጠፋ። መኪና አልነሳ አለ? ኢታኖሉ ነው። ሞተር አጨሰ? ኢታኖሉ ነው። ጎማ ቢተነፍስ እንኳ ‹‹ድሮ እንዲህ አልነበረም›› የሚል አይጠፋም ነበር።

እስቲ እውነቱን ከወሬው እንለየው። ይህ የመምህርነት አመል ነውና ታገሡኝ።

አንደኛ፣ ኢታኖል በሊትር ሲለካ የሚሰጠው ጉልበት ከቤንዚን ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ አሥር ከመቶ ሲደባለቅ መኪናው በሊትር የሚሄደው ርቀት ከመቶ ሦስት ገደማ ይቀንሳል። በሊትር አሥር ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና 40 ሊትር ሞልታ 400 ትሄድ የነበረች፣ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ይጎድልባታል። ከአዲስ አበባ ሰበታ ግማሽ መንገድ መሆኑ ነው። ትንሽ ነው፤ ግን እውነት ነው። ባለታክሲውም ሊነገረው ይገባ ነበር።

ሁለተኛ፣ አልኮል ያጥባል። አሮጌ ታንክ ውስጥ ለሃያ ዓመት የተኛውን ቆሻሻ ፈንቅሎ ወደ ፊልትሮ ይልከዋል። ‹‹ኢታኖሉ ቆሻሻ አመጣብኝ›› ያለው ሰው ግማሽ እውነት ተናግሯል። ቆሻሻው የራሱ ነበር፤ ኢታኖሉ ያሳየው ብቻ ነው። ያረጁ የጎማ ቱቦዎችንም ያሳብጣል፣ ያለሰልሳል። ይኼኛው ሐሜት አይደለም።

ሦስተኛ፣ አልኮል ውኃ ይወዳል። የተደባለቀው ቤንዚን ጥቂት ውኃ ችሎ ይይዛል፤ ከመቶ ግማሽ ያህል ሲደርስ ግን ይለያያል። አልኮሉና ውኃው ተቃቅፈው ከታንኩ ሥር ይተኛሉ፣ ቤንዚኑ ከላይ ይቀራል። መምጫው ቱቦ የሚስበው ደግሞ ከሥር ነው! ብርዱ ሲጠና ይኼ መለያየት ይቀላል። ለሱሉልታ ክረምት ይህን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። ታንኩን ሞልቶ ማሳደርና ክዳኑን በደንብ መግጠም ብቻውን ብዙ ያድን ነበር።

አራተኛው ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ የሚገርመኝ ነው። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ትገኛለች። እዚያ አየሩ ከጠረፍ አየር ሩብ ያህል ይሳሳል። ለቆላ የተሠራ ካርቡራቶር እዚህ ሲመጣ አየሩ ያንሰውና ቤንዚን ይበዛበታል፤ ያጨሳል፣ ካንዴላ ያጠቁራል። ኢታኖል በበኩሉ በውስጡ ኦክስጅን ይዞ ስለሚመጣ ቅልቅሉን ያሳሳዋል። ስለዚህ በእኛ ከፍታ ላይ ላልተስተካከለ አሮጌ ካርቡራቶር አሥር ከመቶው ኢታኖል ጥቂት ሊጠቅመው ይችል ነበር ማለት ነው። ቅሬታ የበዛበት መሬት ላይ መድኃኒቱ አብሮ ተቀድቶ ሊሆን ይችላል። ማን ነገረን?

አሁን ወደ ሽቦው እንሂድ።

በከተሞቻችን ከሚሽከረከሩት የቤት መኪኖች ብዙዎቹ ጃፓን ተነድተው፣ ዱባይ ላይ መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ዞሮ የመጡ ናቸው። አገራችን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ በኩል የምትነዳ ናትና፣ መሪው በግራ መሆን አለበት። መሪ ሲዞር ግን መሪው ብቻውን አይዞርም። ከዳሽቦርዱ በስተጀርባ ያለው የሽቦ እሽግ ይቆረጣል፣ ይቀጠላል፣ በጥቁር ፕላስተር ይጠቀለላል። መኪናው አገር ሳይገባ ገና አንድ ቀዶ ጥገና አልፎበታል ማለት ነው።

ከዚያ ቴፑ አለ። የቆየ የጃፓን ራዲዮ ኤፍ ኤሙ ከ76 እስከ 90 ድረስ ነው። የእኛዎቹ ጣቢያዎች፣ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1 ከዚያ በላይ ናቸው። ስለዚህ ባለመኪናው ወይ ቴፑን ይቀይራል፣ ወይ ከአንቴናው ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን ያስገባል። ሳጥኗ ጣቢያውን በ20 ዝቅ ታደርገዋለች፤ ሸገርን 82.1 ላይ የምታደምጡ ሰዎች ምስጢሩ ይኸው ነው። ይኼ ሁሉ ብልሃት ነው፣ የሚያስከብር ብልሃት። ችግሩ የሚመጣው እያንዳንዱ ብልሃት አንድ ሽቦ ስለሚቆርጥ ነው። ማን የቱን እንደቆረጠ ደግሞ ጽፎ የሚያስቀምጥ የለም።

በ2004 ዓ.ም. ሰበታ አንድ ጋራዥ በር ላይ መኪናዬን ሳሠራ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ወጣት የኮንትራት ሥራ የሚሠራባት አሮጌ ኮሮላ አለችው። ካርቡራቶር ነች። አጊጣለች፤ ጎማዋ ሰፊ ነው፣ የኋላ መስታወቷ ጠቁሯል፣ ሻንጣዋ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ስፒከርና አንድ አምፕሊፋየር ተቀምጠዋል። ጠዋት ጠዋት አትነሳም። ቀን በግፊ ከተነሳች በኋላ ግን ደህና ናት። ልጁ ሦስት ጋራዥ ዞሯል። አንደኛው ፊልትሮ ቀየረለት። ሁለተኛው ካንዴላዎቹን በሙሉ ቀየረለት። ሦስተኛው ካርቡራቶሩን አውርዶ አጠበለት። ሦስቱም አንድ ቃል ነው የተናገሩት፤ ‹‹ኢታኖሉ ነው!››

የዚህኛው ጋራዥ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ነበሩ። አማርኛና ኦሮምኛ እያቀላቀሉ ነው የሚናገሩት።

‹‹ጋሼ፣ ቤንዚኑ ነው አሉኝ እኮ›› አለ ልጁ።

‹‹ልጄ፣ ቤንዚን ሌሊት ሌሊት ብቻ አይበላሽም›› አሉት።

ወዳጆቼ፣ ይህች ዓረፍተ ነገር ለእኔ አንድ ሙሉ የሂስ ትምህርት ናት። ሰውዬው መፍቻ አላነሱም። መጀመሪያ የተናገሩት ስለ ጊዜ ነው። ብልሽቱ መቼ ነው የሚታየው? ሌሊት ቆማ ስታድር። ቆማ ስታድር ምን ይለወጣል? ቤንዚኑ ያው ነው፤ ባትሪው ግን ሊያልቅ ይችላል። ሞተሩን አጥፍተው፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትተው፣ ቴስተራቸውን መሐል አስገቡ። ሁሉ ነገር ጠፍቷል በተባለ መኪና ላይ አንድ ነጥብ አምስት አምፔር ይፈስሳል! የተኛ መኪና የዚያን ሠላሳኛ እንኳ መውሰድ አልነበረበትም። ከዚያ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ነቀሉ። የአምፕሊፋየሩ ሲነቀል ቁጥሩ ወደቀ።

ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። አንድ ነጥብ አምስት አምፔር ለአሥራ ሁለት ሰዓት፣ 18 አምፔር-ሰዓት ነው። የትንሽ መኪና ባትሪ 45 ገደማ ነው የሚይዘው፤ ያውም አዲስ ሲሆን። ያረጀ ባትሪ ላይ የሰበታን የንጋት ብርድ ጨምሩበት። ሞተሪኖው ‹‹ጠቅ›› ብሎ ቢቀር ምን ይገርማል?

መንስኤው ቀላል ነበር። በቴፕ ገመድ ቀለም አለ፣ ቀለሙም ቋንቋ ነው። ቢጫው ሁልጊዜ ከባትሪ ያገኛል፤ የጣቢያዎቹን ትዝታ የሚጠብቀው እሱ ነው። ቀዩ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ነው የሚያገኘው። ጥቁሩ ኔጌቲቭ ነው። ሰማያዊው ‹‹ቴፑ ተከፍቷል፣ ተነሣ›› ብሎ አምፕሊፋየሩን የሚቀሰቅሰው ነው። ቴፑን የገጠመው ሰው ሦስቱን፣ ቢጫውን፣ ቀዩንና ሰማያዊውን አንድ ላይ ጠምዝዞ ከባትሪ አገናኝቷቸዋል። አምፕሊፋየሩ ሌሊቱን ሙሉ ‹‹ተነሣ›› እየተባለ አድሯል። ከባትሪው የተሳበው ወፍራም ሽቦም ፊውዝ አልነበረውም፤ ብረቱን በስቶ ያለፈበት ቦታ ላይም ጎማ አልተደረገለትም። ብረቱ ሽቦውን ፍቆ ቢልጠው፣ ወጣቱ የሚያጣው ጠዋቱን ብቻ አልነበረም። መኪናውን፣ ምናልባትም ራሱን ያጣ ነበር።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፣ ይላል አገሬው። ሦስት ጋራዥ ዳውላውን ደበደበ።

እነዚያን ሦስት ባለሙያዎች ሰነፎች ናቸው ብዬ ለመኮነን አይደለም ይህን የማወራው። እጃቸው ሥራ ያውቃል። የጎደላቸው ሌላ ነው። የጋራዡን አማርኛ ስሙት፤ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ሞተሪኖ፣ ኮፈን። ጣሊያን በጠመንጃ ሊያቆየን ቢያቅተው በመፍቻ አቆይቶናል። ቃላቱን ወርሰናል፣ አማርኛ አድርገናቸዋል፣ ይኼ ሀብት ነው። የወረስናቸው ግን የዕቃዎቹን ስሞች ነው። ‹‹ለምን?›› እና ‹‹መቼ?›› የሚሉት ጥያቄዎች ከስሞቹ ጋር አልመጡም። እነሱ የሚመጡት ከተጻፈ ነገር ነው፤ ከመመሪያ መጽሐፍ፣ ከሽቦ ሥዕል፣ ከማስታወሻ። ጋራዦቻችን ውስጥ የቀን መቁጠሪያና የቆንጆ ፎቶ ተሰቅሎ አያለሁ። የሽቦ ሥዕል ተሰቅሎ ያየሁት ግን እምብዛም ነው።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ይኸው በሽታ ክፍሌ ውስጥ ነበር። ተማሪው ልብ ወለዱን ሳያነብ ‹‹ደራሲው ተስፋ መቁረጥን ይሰብካል›› ብሎ ይጽፋል። ከየት አመጣኸው? ሲባል ‹‹ይባላል›› ነው መልሱ። የትኛው ምዕራፍ ላይ? ዝም። ‹‹ኢታኖሉ ነው›› እና ‹‹ተስፋ መቁረጥን ይሰብካል›› የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሁለቱም ክዳኑን ሳይከፍቱ የሚፈርዱ ናቸው። የሰበታው ሽማግሌ ግን ያደረጉት ጥሩ አንባቢ የሚያደርገውን ነው። ጠየቁ፣ ለኩ፣ አንድ ነገር ብቻ ለወጡ፣ እንደገና ለኩ። ሦስቱ ጋራዦች ፊልትሮ፣ ካንዴላና ካርቡራቶር ነካክተው ያልደረሱበት ላይ እሳቸው በአንዲት ፊውዝ ደረሱ።

ስለ ጩኸቱም አንድ ነገር ሳልል ብቀር ወገቤን የያዘኝ ይመስለኛል። ከአስኮ ቡራዩ በሚኒባስ ተሳፍሮ የማያውቅ አንባቢ ካለ ደስ ይበለው። ቡፈሩ ከመቀመጫው ሥር ነው፣ ምቱ በአከርካሪ ይገባል። ሐኪሞች ለሠራተኛ ጆሮ የሚያስቀምጡት ወሰን 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ ሦስት ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። ተሳፋሪው ሃያ ደቂቃ ታግሦ ይወርዳል። ሾፌሩና ረዳቱ ግን ቀኑን ሙሉ እዚያው ናቸው። እነሱ ናቸው ቀስ በቀስ የሚደነቁሩት። ‹‹እባክህ ቀንስልን›› ብንል ደግሞ ስለ ራሳችን ብቻ የተናገርን ይመስለናል፤ ስለዚህ ዝም እንላለን። ሞተሩም አብሮን ይቸገራል። ሞተር ሲታመም መጀመሪያ የሚናገረው በድምፅ ነው፤ ያንኳኳል፣ ያፏጫል። ቴፑ ያን የመጀመሪያ አቤቱታ ይውጠዋል። አቤቱታው ተሰማ ሲባል ቴስታታው ተቃጥሏል።

‹‹ይኼ ሁሉ ያለፈ ነገር ነው፣ ስለ አሮጌ ኮሮላ ምን አስጨነቀህ?›› የሚለኝ አይጠፋም። ያስጨነቀኝ የሚመጣው ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ100 ብር አለፈ። የኤሌክትሪክ መኪኖች በየመንገዱ መታየት ጀምረዋል። እነዚህ መኪኖች ካርቡራቶር የላቸውም፣ ካንዴላ የላቸውም። ጣሊያን ካወረሰን መዝገበ ቃላት ግማሹ ከእነሱ ጋር ሥራ ይፈታል። ያላቸው ሽቦ ነው። ከሥራቸው የተነጠፈው ትልቁ ባትሪ 400 ቮልት ገደማ ሊደርስ ይችላል። ገመዱ ብርቱካንማ ቀለም የተቀባው ‹‹አትንካኝ›› ለማለት ነው።

በ12 ቮልት መኪና ላይ ገምቶ የቆረጠ ሰው ፊውዝ ያቃጥላል፣ ቢከፋ ባትሪ ይጨርሳል። በ400 ቮልት ላይ ገምቶ የሚቆርጥ ልጅ ግን ስህተቱን ለማረም ዕድል አያገኝም። ቀለሙን ማንበብ ያላስተማርነው፣ የሰማያዊውን ሽቦ ትርጉም ‹‹ይባላል›› ብሎ የሚገምት የአሥራ ሰባት ዓመት ረዳት፣ ነገ ብርቱካንማው ፊት ይቆማል። ቴፕ የሚገጥመው፣ ስፒከር የሚጨምረው ያው ልጅ ነውና!

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ማደያው የሚቀዳልንን ነገር ይጻፍልን፤ ኢታኖል ሲኖርበት ስንት ከመቶ እንደሆነ፣ በምናነበው ቋንቋ። የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶቻችን መፍቻ ከማስጨበጣቸው ጎን ለጎን ቴስተር ማንበብን ያስጨብጡ፤ መጽሐፉንም በአማርኛና በኦሮምኛ ያውጡልን። ባለጋራዡ የቆረጠውን ሽቦ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ጽፎ ከኮፈኑ ሥር ይለጥፍ፤ ከእሱ በኋላ የሚመጣው ሰው አንባቢው ነው። ባለመኪናውም ‹‹ምን ሆነ?›› ከማለቱ በፊት ‹‹መቼ መቼ ነው የሚሆነው?›› ብሎ አስተውሎ ይሂድ። ሦስት ጋራዥ ከመዞር ያድነዋል።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። የፈሰሰው ቤንዚን ሲሆን ግን አይለቀምም፤ እሳት ይቀድመዋል። ለማንኛውም፣ ዛሬ ማታ መኪናችሁን አጥፍታችሁ ስትወርዱ ጆሯችሁን ወደ ሻንጣው ጣል አድርጉ። አምፕሊፋየሩ ላይ መብራት እየበራ ከሆነ፣ ቤንዚኑን አትሙት።

ቸር ይግጠመን!